ሻጋታን ቀድሞ የሚያይ መለኪያ

በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ሳብ አድርጎ ጀርባውን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። ግድግዳውን ጥቁር ነጠብጣብ ወርሮታል፣ ጋቢው ሽታው ተቀይሯል፣ የቆዳ ጫማው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። የተለመደው መፍትሔ ግድግዳውን በበረኪና አጥቦ ቀለም መቀባት ነው። ቀለሙ ግን ሻጋታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ መነሻውን አይነካም፤ መነሻው አየሩ ውስጥ ያለው ውኃ ነውና። ይህን ውኃ በቁጥር የሚያሳየው ሃይግሮሜትር፣ ማለትም የእርጥበት መለኪያ፣ ከማንኛውም እርጥበት ጨማሪ ወይም ቀናሽ ማሽን በፊት ቤት መግባት ያለበት ዕቃ ነው።

የመሣሪያው ሐሳብ ረቂቅ አይደለም። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር በ1783 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው መለኪያ የሚሠራው በሰው ፀጉር ነበር፤ ቅባቱ የወጣለት ፀጉር እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፣ መርፌውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በትንንሾቹ ዲጂታል መለኪያዎች ውስጥ የፀጉሩን ቦታ የያዘው እርጥበት ሲስብ ኤሌክትሪካዊ ጠባዩ የሚለወጥ ስስ ሽፋን ነው። የሚያሳዩት ቁጥር አንጻራዊ እርጥበት ይባላል፤ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውኃ ስንት በመቶውን እንደያዘ ማለት ነው። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል፤ 10 ዲግሪ ላይ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ መሐል ክፍል 60 በመቶ የሚያሳይ የ20 ዲግሪ አየር፣ በሐምሌ ሌሊት ወደ 11 ዲግሪ የወረደ ግድግዳ ሲነካ ውኃውን እዚያው ይጥላል። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደግሞ የቤቱ ሙቀትም ነፋሱም አይደርስም።

«እርጥበትማ ያለ መሣሪያም ይታወቃል» የሚል አይጠፋም። ቆዳችን ሙቀትና ብርድን ይለያል፤ እርጥበትን ብቻውን የሚለይበት ሕዋስ ግን የለውም፣ በግምት ነው የሚያውቀው። ሽታውን ያወቅነው ዕለት ሻጋታው ሥር ሰድዷል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል። እጣንና ከሰል ሽታውን ይለውጣሉ፣ ፍሙም ለጊዜው ያሞቃል፤ በተዘጋ ክፍል ግን የከሰል ጭስ ከሻጋታው የባሰ ገዳይ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር «ውጭ ዝናብ እየዘነበ መስኮት መክፈት ምን ይረባል?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ከስሜት ጋር ይጣላል። 13 ዲግሪ የሆነ የዝናብ አየር መቶ በመቶ ቢረጥብ እንኳ የያዘው 11 ግራም ያህል ነው፤ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 65 በመቶ ገደማ ይሆናል። እንጀራ ሲጋገርበት ከዋለና ልብስ ከተሰጣበት ቤት አየር ይህ ይደርቃል። እርግጥ ነው፣ በነሐሴ መስኮት ብቻውን 50 በመቶ አያደርስም፤ ዕቃን ከውጭ ግድግዳ ማራቅና ድስት መክደንም ያስፈልጋል። «ንፋስ ይመታናል» ለሚሉ ቤተሰቦች ደግሞ ምግብ ከተሠራ በኋላ መስኮቱን ለአጭር ጊዜ መክፈት ይበቃል።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ላለ ወገናችን ግን የብርዱ ወራት ችግር ተቃራኒ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ 21 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ሕፃናትን ነስር ያስቸግራቸዋል። እዚያ እንፋሎት የሚተፋ ማሽን ይጠቅማል፣ ግን ያለ መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ካደረ ውኃው በመስኮቱ ላይ ይወርዳል፣ ሻጋታውም ይከተላል።

ርካሽ መለኪያዎች ይዋሻሉ መባሉ እውነትነት አለው፤ መፈተኛው ግን ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርጎ፣ ጨው እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግ፤ ከዚያ ከመለኪያው ጋር ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማሳደር። በማግስቱ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ፣ በዚያ አካባቢ ለሚነበበው ቁጥር 5 ይጨመርለታል።