ፒንክ ፍሎይድ የማን ነው? አድናቂዎችን ለአሥርት ዓመታት ያከራከረው ጥያቄ

የእንግሊዙ የሮክ ሙዚቃ ቡድን ፒንክ ፍሎይድ አድናቂዎች በተገናኙ ቁጥር ጨዋታቸው ወደ አንድ ጥያቄ ማምራቱ አይቀርም። የቡድኑ ልብ ማን ነበር? ግጥሙን የጻፈው ሮጀር ዋተርስ ወይስ ጊታሩንና ድምፁን የሰጠው ዴቪድ ጊልሞር?

ክርክሩ ከውጭ ለሚመለከተው የምርጫ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በጠበቆች በኩል የተሟገቱበት፣ የቆየ ወዳጅነት ያፈረሰና በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት ሀብት ያለበት ጉዳይ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ጥያቄም ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ያልፋል። ሰዎች በጋራ የሠሩት ሥራ፣ ሲለያዩ የማን ይሆናል?

የመጀመሪያው መሪ

ቡድኑ እአአ በ1965 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት መሪው ዋተርስ አልነበረም፤ ጊልሞር ደግሞ ገና አባል አልሆነም ነበር። የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዋተርስ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይትና የድራም ተጫዋቹ ኒክ ሜሰን የተዋወቁት የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ለቡድኑ ስም ያወጣው፣ በ1967 የወጣውን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ዘፈን የደረሰውና የመድረኩ ፊት የነበረው ግን ሲድ ባሬት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የባሬት የአእምሮ ጤና ታወከ፤ አደንዛዥ ዕፅ መጠቀሙም ሁኔታውን አባባሰው። የልጅነት ወዳጁ ጊልሞር በ1968 መጀመሪያ ቡድኑን ተቀላቀለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ባሬት ወጣ። በዚህም የተነሳ ከአድናቂዎቹ መካከል ‘እውነተኛው ፒንክ ፍሎይድ ከባሬት ጋር አብቅቷል’ የሚል ወገን ዛሬም አለ። ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ቡድኑ በኋላ ከሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዳንዶቹ የባሬትን መታጣት ርዕሰ ጉዳያቸው አድርገዋል።

አራቱም አሻራቸውን ያኖሩበት አልበም

በ1973 የወጣው ‘ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን’ (የጨረቃ ጨለማ ገጽ) በዓለም እጅግ ከተሸጡ አልበሞች አንዱ ነው። በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ 741 ሳምንታት ቆይቷል። የዋተርስ ደጋፊዎችም የጊልሞር ደጋፊዎችም ማስረጃ የሚመዙት ከዚሁ አልበም ነው።

ግጥሙን በሙሉ የጻፈው ዋተርስ ነው። ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ጦርነትና እብደት በአንድ ሐሳብ ተያይዘው አልበሙን እንደ አንድ ድርሰት እንዲደመጥ ያደረጉት በእሱ ብዕር ነው። ዜማው ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ‘አስ ኤንድ ዜም’ የተሰኘው ዘፈን ዜማ መነሻ ራይት ቀደም ሲል ለአንድ ፊልም ደርሶት ፊልሙ ላይ ሳይውል የቀረ ነው። ‘ታይም’ የተሰኘው ዘፈን በአራቱም ስም ተመዝግቧል። በአልበሙ ውስጥ በብዛት የሚሰማው ድምፅና የጊታር ጨዋታ ደግሞ የጊልሞር ነው።

ከአራቱ ውጭ የሆነች አምስተኛ ባለ ድርሻም አለች። ድምፃዊት ክሌር ቶሪ ራይት በደረሰው አንድ ዘፈን ላይ ያለ ግጥም፣ በድምጿ ብቻ፣ ስቱዲዮ ውስጥ እየፈጠረች ዘፈነች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። ከ30 ዓመታት በኋላ በ2004 ‘የደራሲነት ድርሻ ይገባኛል’ ስትል ክስ መሠረተች። ጉዳዩ በ2005 በስምምነት ሲያልቅ ስሟ ከራይት ጎን በደራሲነት ተመዘገበ።

‘ማን ምን ሠራ’ የሚለው ክርክር የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። የድርሰት መብት የሚሰጠው ግጥምና ዜማ ለፈጠረ ሰው ነው። ዘፈኑን ልዩ ያደረገው የድራም ምት፣ የኪቦርድ ቅላጼ ወይም የድምፅ ቅንብር ብዙውን ጊዜ በደራሲነት አይመዘገብም። አድማጭ የሚያስታውሰውና ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ሚዛኑ ሲያጋድል

ከዚያ በኋላ የወጡት አልበሞች የቡድኑን የውስጥ ታሪክ ያሳያሉ። በ1975 የወጣው ‘ዊሽ ዩ ወር ሂር’ (አንተ እዚህ በነበርክ) ለባሬት የተሰጠ መታሰቢያ የያዘ ሲሆን፣ የዋተርስ፣ የጊልሞርና የራይት የጋራ ድርሰት በጉልህ ይታይበታል። በ1977 በወጣው ‘አኒማልስ’ (እንስሳት) ላይ ግን የራይት ስም በደራሲነት አልተጠቀሰም፤ ጊልሞርም በደራሲነት የተጠቀሰው በአንድ ዘፈን ብቻ ነው። ያ ዘፈን ግን ብቻውን ከ17 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የአልበሙን ሁለት አምስተኛ ያህል ማለት ነው። ድርሻ በደቂቃ ይለካ ወይስ በዘፈን ቁጥር?

በ1979 የወጣው ‘ዘ ዎል’ (ግንቡ) በዋናነት የዋተርስ ፍጥረት መሆኑን የሚክድ የለም። አባቱን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና በጨቅላነቱ ያጣው ዋተርስ፣ በዙሪያው ግንብ እየገነባ ራሱን ከሰው ያገለለ የሙዚቀኛ ታሪክ ጻፈ። ሆኖም ከአልበሙ ዝነኛ ዘፈኖች አንዱ የሆነው ‘ከምፈርተብሊ ነም’ የተወለደው ጊልሞር ለግል አልበሙ አስቦት ከነበረ ዜማ ነው። በትምህርት ቤት ጭቆና ላይ የሚያምፀው የአልበሙ ዘፈን ደግሞ በለንደን ተማሪዎች የታጀበው ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ኤዝሪን የሕጻናት ድምፅ እንዲገባበት በመፈለጉ ነው። ይኸው ዘፈን በ1980 በአፓርታይድ ዘመኗ ደቡብ አፍሪካ ትምህርት ባቆሙ ጥቁር ተማሪዎች አፍ ላይ በመዋሉ በመንግሥት ታግዷል።

አልበሙ እየተሠራ ሳለ ራይት በዋተርስ ግፊት ከቡድኑ ለመውጣት ተስማማ። በ1980 እና በ1981 በቀረቡት የ‘ዘ ዎል’ ኮንሰርቶች ላይ የተጫወተው በደመወዝ ተቀጥሮ ነው። ግዙፍ ግንብ መድረክ ላይ የሚገነባባቸው ትርዒቶች ከፍተኛ ወጪ ስለጠየቁ ኪሳራ ላይ ወደቁ። ኪሳራውን የተሸከሙት ሦስቱ ባለቤቶች ሲሆኑ፣ ገንዘብ ይዞ የወጣው ተቀጣሪው ራይት ብቻ ሆነ።

በ1983 የወጣው ‘ዘ ፋይናል ከት’ ሙሉ በሙሉ የዋተርስ ድርሰት ነው። ሽፋኑ ላይ ‘በሮጀር ዋተርስ የተደረሰ፣ በፒንክ ፍሎይድ የቀረበ’ የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ሰፍሯል። ለአንዱ ወገን ይህ የዋተርስ ብዕር ጫፍ የነካበት ሥራ ነው፤ ለሌላው ደግሞ በቡድን ስም የወጣ የግለሰብ አልበም።

ስሙ ለማን ይሁን?

ዋተርስ በ1985 መልቀቁን አሳወቀ። እሱ ከሌለ ቡድኑ ያበቃለት መስሎት ነበር። ጊልሞርና ሜሰን ግን ለመቀጠል ቆረጡ። በ1986 ዋተርስ ስሙን እንዳይጠቀሙበት ለማስከልከል ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

ሁለቱ ወገኖች በ1987 መጨረሻ ተስማሙ። ጊልሞርና ሜሰን ፒንክ ፍሎይድ በሚለው ስም መቀጠል ቻሉ፤ ዋተርስ ‘ዘ ዎል’ን በመድረክ የማቅረብ መብትን ጨምሮ የተወሰኑ መብቶችን ያዘ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2013፣ ለቢቢሲ በሰጠው ቃለ ምልልስ ክስ መመሥረቱ ስህተት እንደነበር አምኗል።

ያለ ዋተርስ በወጡት የ1987 እና የ1994 አልበሞች ላይ አድናቂዎች ዛሬም አይስማሙም። ተቺዎች ድምፁ ፒንክ ፍሎይድ ቢሆንም ግጥሙ ጥርስ እንደጎደለው ይናገራሉ። ደጋፊዎች በበኩላቸው ‘ዘ ዲቪዥን ቤል’ በተሰኘው የ1994 አልበም ራይት ወደ ደራሲነቱ መመለሱን በማንሳት፣ ቡድኑ የጠፋ ሙዚቃዊ መንፈሱን መልሶ አገኘ ይላሉ። የዚያ አልበም ግጥሞች አብዛኞቹ የተጻፉት በኋላ የጊልሞር ባለቤት በሆነችው ጸሐፊ ፖሊ ሳምሰን ተሳትፎ ነው።

አንድ ምሽት፣ አራት ሰዎች

አራቱ ሰዎች በአንድ መድረክ ዳግም የታዩበት አጋጣሚ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1985 ቦብ ጌልዶፍ ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ‘ላይቭ ኤይድ’ ኮንሰርት በእኛ ዘንድ የ77ቱ ተብሎ ለሚታወሰው ረሃብ ተጎጂዎች ገንዘብ አሰባስቧል። በዚያ መድረክ ላይ ጊልሞር ለድምፃዊ ብራያን ፌሪ ጊታር ተጫውቷል።

ከ20 ዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ 2005፣ ጌልዶፍ የአፍሪካ አገራት ዕዳ እንዲሰረዝ ለመጎትጎት ‘ላይቭ ኤይት’ን ሲያዘጋጅ ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ራይትና ሜሰን ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ አብረው ተጫወቱ። አራቱ በአንድ መድረክ ከቆሙ 24 ዓመታት አልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ የአልበሞቻቸው ሽያጭ ሲያሻቅብ ጊልሞር ከጭማሪው የሚያገኘውን ትርፍ ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ አስታወቀ። አራቱ ግን ዳግመኛ አብረው አልተጫወቱም። ባሬት በ2006፣ ራይት በ2008 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ክርክሩን የሚፈትን አልበም

ዋተርስ በ2023 ‘ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን’ን ያለ ቀድሞ ባልደረቦቹ እንደ አዲስ ሠራው። ግጥሙ እዚያው አለ፤ እንዲያውም በንግግር የቀረቡ አዳዲስ ጽሑፎች ተጨምረውበታል። የጊልሞር የጊታር ጨዋታ፣ የራይት ኪቦርድና የሜሰን ድራም ግን የሉም። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሚያደምጥ ሰው ግጥሙ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይረዳል፤ ግጥሙ ብቻውን የማይሞላውን ክፍተትም ይሰማል።

በ2024 ሶኒ የቡድኑን የሙዚቃ ቅጂዎችና የስሙን መብት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ መግዛቱ ተዘግቧል። የዘፈኖቹ የድርሰት መብት በግዢው አልተካተተም። ስለዚህ በሕግ ዓይን ‘ፒንክ ፍሎይድ የማን ነው?’ ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ አለ፤ ስሙና ቅጂው የኩባንያው፣ ድርሰቱ የደራሲዎቹ። አድናቂዎች የሚከራከሩበት ሦስተኛው ነገር፣ አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ የተፈጠረው ድምፅ ግን፣ በየትኛውም ውል ላይ ለአንድ ሰው ተለይቶ ሊጻፍ አልቻለም።