የሻይ ሰዓቱ ሥልጠና

ጠጋ በሉ፤ ይህ በማይክሮፎን የሚነገር ወሬ አይደለም።

እኔ የሥልጠና ሰው ነኝ። አዳራሽ አስይዛለሁ፣ ማርከርና ፍሊፕ ቻርት እገዛለሁ፣ አቴንዳንስ አስፈርማለሁ፣ አንዳንዴም ፊት ወጥቼ አሠለጥናለሁ። ከባሕር ዳር በዳንግላ አልፎ እንጅባራ የሚያደርሰውን መንገድ ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ ሁሉ ተመላልሼበታለሁ። ስሜን አልነግራችሁም፤ የማማቸውን መሥሪያ ቤቶችም አልጠራም። ወሬው ስለ አንድ ሥራ ነው፦ ከአእምሮ ሕመም ያገገመ ሰው ሌላውን ታማሚ እንዲደግፍ ስለማሠልጠን። በወረቀት «የአቻ ለአቻ ድጋፍ» ይሉታል። እኔ «ያለፈበት ሰው» ማለት ይቀለኛል።

የመጀመሪያውን ምስጢር ላውጣ። በመጀመሪያው ቀን፣ ከመክፈቻው ንግግር ቀጥሎ፣ «ምስክርነት» የምትባል የአሥራ አምስት ደቂቃ መርሐ ግብር አለች። ያገገመው ሰው ይነሳና በሰንሰለት ታስሮ የከረመበትን ጓዳ፣ ጎረቤት የሸሸውን ደጃፍ፣ እናቱ በየጸበሉ የተንከራተቱበትን ጊዜ ይናገራል። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ አንድ ሁለት ሰው ዓይኑን ይጠርጋል፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶ ይነሳል። እሱ ሲቀመጥ ስላይዱ ይበራና «የስኪዞፍሬንያ ትርጉም» ይላል። ከዚያ እስከ መዝጊያው ቀን ድረስ «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለው ሰው የለም። ፎቶው ግን ለሪፖርት ይፈለጋል። ያቺን መርሐ ግብር የማወጣት እኔው ስለሆንኩ ሐሜቱን ከራሴ ጀምሬያለሁ።

ሁለተኛው ምስጢር አበል ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ውሎ አበል እንደ ደመወዙ ይሰላል። ያገገመው ሰው ደመወዝም የለው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት መሥሪያ ቤትም የለው። በክፍያ ፎርሙ ላይ «የሥራ መደብ» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሲቀርብ ሂሳብ ክፍል ይመልሰዋል። እኛም መላ እንመታና «ትራንስፖርት» በሚል ትንሽ ነገር እናስጨብጠዋለን። አጠገቡ የተቀመጠው ነርስ ከዚያው ሥልጠና የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ይወስዳል፤ የሙያ ፈቃዱን ሲያድስ ይቆጠርለታል። ያለፈበት ሰው የሚያድሰው ፈቃድ ስለሌለ ነጥቡም የለም። ሰርተፊኬት ግን ይሰጠዋል፤ በዚያች ወረቀት አትሳቁ። አንዱ ቤት ሄጄ ከምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል ጎን ተሰቅላ አይቻታለሁ። «እብድ» ሲሉት የኖሩ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ ሲመጡ እንዲያነቧት ነው።

ከኋላ ወንበር «ያልተማረ ሰው ምን ሊያግዝ?» የሚል ጉርምርምታ ሁልጊዜ ይሰማኛል። ያጉረመረመው ሰው የአገሩን ታሪክ የረሳ ነው። ኤችአይቪ ሲያጣድፈን ታማሚውን ከተደበቀበት ያወጣው ማን ነበር? እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ያቋቋሟቸው፣ ከ1990 ዓ.ም. ግራና ቀኝ ጀምሮ ፊታቸውን ገልጠው ወጡ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች በጤና ተቋማት ውስጥ መካሪ ሆነው ተቀመጡ። በወላይታም የእግር እብጠትን የሚያክመው የሞሲ ፉት ማኅበር ታክመው የዳኑ ሰዎችን አሠልጥኖ ለሌሎች ታማሚዎች አገልጋይ አድርጓል። በእግር የተቻለ ነገር በጭንቅላት ሲሆን ነው የሚያስፈራን።

ነገሩ የእኛን አዊ ዞን አይመለከትም እንዳትሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል ሲዲቲ-አፍሪካ ከእንግሊዙ የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር «ኤንድፖይንት» የተባለውን ሥራ መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ነው። ባዶ እግር ከሚያመጣው እብጠት፣ ከዝሆኔና ከሥጋ ደዌ ጋር የሚኖሩ ሰዎች እግራቸው እየታጠበ ድብርታቸውም አብሮ እንዲታይ ተደረገ። ሕክምናው እግርን ብቻ አላየም፤ መገለልንም ቆጠረ። እብጠት ኖሮበት ገበያ መውጣት ያፈረ ሰው የተመለሰበትን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች እዚሁ ዞን ውስጥ አሉ ማለት ነው።

በአእምሮ ሕመም ረገድ የምንኮራበት ሥራ ቡታጅራ አጠገብ ሶዶ ወረዳ የተሠራው ነው። ከስኪዞፍሬንያ ጋር የሚኖሩ 166 ሰዎች የተሳተፉበት «ራይዝ» የተባለ ጥናት ነበር። ከአካባቢው የተመለመሉ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሠራተኞች አምስት ሳምንት ሠልጥነው ቤት ለቤት ዞሩ። ከዓመት በኋላ በቤታቸው የተጎበኙት ሰዎች፣ ጤና ጣቢያ ብቻ ከሚመላለሱት ይልቅ በዕለት ኑሯቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። አሁን ሹክ ልበላችሁ፦ እነዚያ ሠራተኞች አቻ ለመሆን አልተመለመሉም። የተመለመሉት ከሰፈሩ ነው እንጂ ከሕመሙ አይደለም። የሰፈር ልጅ ይህን ያህል ከሠራ፣ ሕመሙን አልፎበት የመጣው ቢጨመርበትስ? ካምፓላ ያለው ቡታቢካ ሆስፒታል ያገገሙ ሰዎችን አሠልጥኖ በአቻ ደጋፊነት ማሰማራት ከጀመረ ቆይቷል። ነገሩ የትናንት ፈጠራም አይደለም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፓሪስ ቢሴትር ሆስፒታል ውስጥ ፑሳን የተባለው አስተዳዳሪ፣ ራሱ እዚያው በሌላ ሕመም ታክሞ የዳነ ሰው፣ ያገገሙ ሕሙማንን አስታማሚ አድርጎ ይቀጥር ነበር።

ወደ አዳራሻችን እንመለስ፤ ዋናው ነገር የሚሆነው ልምምዱ ላይ ነው። አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ደጋፊ ሆኖ ይጫወታል። ታማሚው «ሌሊት ግድግዳው ይሰድበኛል፤ እንቅልፍ አጣሁ» ይላል። ነርሱ ሳይውል ሳያድር «አይዞህ! መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ፣ ጫቱን ተው፣ ጸልይ» ብሎ ጨረሰ። ያለፈበት ሰው ተራው ሲደርስ ዝም አለ። አሠልጣኙ ሰዓቱን እስኪያይ ድረስ ዝም አለና «ምን እያለ ነው የሚሰድብህ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላም ቃል አልጨመረም። ታማሚ ሆኖ የሚጫወተው የጤና ባለሙያ ድንገት የራሱን ችግር ማውራት ጀመረ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፦ «አይዞህ» የቋንቋችን ጌጥ ናት፤ ቶሎ ስትመጣ ግን በር ትዘጋለች። የዚህ ሙያ ግማሹ «አይዞህ»ን ምላስ ጫፍ ላይ አቆይቶ መጀመሪያ መስማት ነው። ማኑዋሉ ውስጥ ግን ስለ እሷ የተጻፈ የለም፤ ማኑዋሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነዋ።

ሌላውን ዕውቀት ያገኘሁት በሻይ ሰዓት ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ያለፈባቸው ሰዎች ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፤ አማርኛው ወደ አገውኛ ይዞራል። አንዷ «መድኃኒቱ እጄን ያንቀጠቅጠዋል፤ ለቅሶ ቤት ስኒ መያዝ አፈርኩ» ስትል፣ ሌላዋ «ግማሽ ብቻ አስቀጂ፤ ከዚያ ግን ለነርሱ ንገሪው፣ የሚስተካከል ነገር አለው፤ ራስሽ እንዳታቆሚ» ትላታለች። አንዱ በጾም ጠዋት እንክብል መዋጥ ከብዶት ሲያነሳ፣ ሁለት ሰው የነፍስ አባቱንም ነርሱንም እንዲያማክር ይመክሩታል። ጸበልን አስመልክቶ ከአዳራሹ ክርክር ሁሉ የተሻለችውን ቃል የሰማሁት እዚያው ነው፦ «ጸበሌንም ጠጣሁ፣ እንክብሌንም ዋጥሁ፤ ማን ከማን አጣላቸው?» አሠልጣኙ ያን ጊዜ ቦምቦሊኖ እየበላ ነበር። እኔም እየበላሁ ነበር።

ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያውቀው ሌላም ጣጣ አለ። ታሞ መዳኑ የታወቀ ሰው ዳንግላ ውስጥ የአንዱን ግቢ በር ሲያንኳኳ፣ ጎረቤት የዚያን ቤት ምስጢር አወቀ ማለት ነው። የደጋፊው መምጣት ራሱ ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ብልሆቹ ከታማሚው ጋር ቀድመው ይማከራሉ፦ ቤት ልምጣ ወይስ ገበያ እንገናኝ? ሰው ቢጠይቅ ማን ነኝ እንበል? ምስጢር መጠበቅ ማለት አፍ መዝጋት ብቻ ሳይሆን እግር የት እንደሚረግጥ ማሰብም ነው። ይህን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው፤ እኔ ግን ለትምህርቱ አበል ተቀብያለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ጋውን ልንገራችሁ። አንድ የጤና ተቋም አክብሮ ለአቻ ደጋፊዎቹ ነጭ ጋውን ሰጣቸው። ልባቸው በደስታ ሞላ። ብዙም ሳይቆይ ታማሚዎቹ ሲያዩአቸው ብድግ ማለት ጀመሩ። «እንክብሉን ውስጥ ውስጡን እየጣልኩት ነው» ብሎ በጆሯቸው የሚያንሾካሹክ ጠፋ፤ ለጋውን ማን ይህን ይናገራል? ሰው ለነርስ የሚዋሸውን ውሸት ለእነሱም መዋሸት ጀመረ። ታዲያ «ጋውኑን አውልቁ» ማለት ቀላል አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የተናቀ ሰው ያገኛትን አንዲት ክብር መግፈፍ ነው። ክብሩን በሌላ መንገድ መስጠት ያስፈልጋል፦ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ወንበር፣ ስሙ የተጻፈበት ባጅ፣ በወሩ መጨረሻ የምትቆጠር ክፍያ። እነዚህን የሰጠ ሰው ጋውኑን መልሶ ለመቀበል አፉን ሞልቶ መጠየቅ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው የቃል ጨዋታ «ሱፐርቪዥን» ላይ ያለው ነው። በእኛ ቢሮዎች ሱፐርቪዥን ማለት መኪና መጣ፣ ቼክሊስት ተዘረጋ፣ መዝገብ ታየ፣ ተፈረመ፣ ተኬደ ማለት ነው። በዚህ ሙያ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። ደጋፊው የሰማውን ጉድ ተሸክሞ ሲመጣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህን ሰምተህ እንዴት አደርክ?» ይለዋል። ሌላው ሰው በሰንሰለት መታሰሩን ሲሰማ የራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳክከዋል፤ ይህን ለማን ይናገር? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ አማራ ክልላችን ያለበት የግጭት ሁኔታ ደግሞ የተሸካሚውን ሸክም እጥፍ አድርጎታል። የሰሚው ሰሚ የሌለበት ሥልጠና፣ ሰው ውሃ እንዲቀዳ ልኮ ገመዱን እንደ መደበቅ ነው።

ደጋፊው ራሱ ሲታመምስ? ይህን ጥያቄ ማንም በአዳራሽ አያነሳውም፤ ሁሉም ግን ያስበዋል። ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ የስኳር ታማሚ መካሪ ስኳሩ ከፍ እንደሚልበት ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን በአንድ ቢሮ የሰማሁት ምላሽ «ድሮም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። መፍትሔው ግን ቀላል ነበር። ሰውየው ደህና ሳለ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፋል፦ መታመም ስጀምር የሚታይብኝ ይህ ነው፣ የምትደውሉት ለዚህ ሰው ነው፣ እስክመለስ ታማሚዎቼን እከሌ ይይዝልኛል፣ ቦታዬም ይጠብቀኛል። ይፈረምና ይቀመጣል። ከአምስት ቀን ስላይድ ይህች አንድ ገጽ ትበልጣለች።

«ይህን ሁሉ የሚያቅፍ ድርጅት ከየት ይመጣል?» ለሚሉኝ፣ እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ዓይናቸውን ይክፈቱ እላለሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። አባላቱን በመዝገብ ይዞ፣ በደስታም በሐዘንም እየተጠራራ እዚህ የደረሰ ነው። ለግልቢያ አዲስ የሆነ ሰው በንግግር አይሠለጥንም፤ ከነባሩ ጎን ለጎን ይጋልባል፣ ሲወድቅም የሚያነሳው አለ። አዊ መደራጀትን ከውጭ አማካሪ መማር አያስፈልገውም።

እንግዲህ የቢሮ ሰዎች፣ የፕሮጀክት ሰዎች፣ እንደ እኔ ዕቅድ የምትጽፉ ሁሉ፣ በጆሯችሁ የምላችሁ ይህን ነው። ከአምስቱ የአዳራሽ ቀናት ሁለቱን ቀንሱና ገንዘቡን ዓመቱን ሙሉ በወር አንድ ጊዜ ለሚደረግ መሰባሰቢያ አውሉት፤ ቡናው ይፈላ፣ ሰሚው ነርስ ይገኝ፣ ወሬው በአገውኛ ይሁን። ምስክርነቷን ከመጀመሪያው ቀን አውጡና ያለፈበትን ሰው በሦስተኛው ቀን አሠልጣኝ አድርጋችሁ አቁሙት። እኔ የሚቀጥለውን መርሐ ግብር እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሂሳብ ክፍል ያሉት ወንድሞቼና እህቶቼም አንድ ነገር ይርዱኝ፦ በክፍያ ፎርሙ ላይ ባዶ የቀረውን «የሥራ መደብ» የሚለውን ዓምድ «የአቻ ድጋፍ ሠራተኛ» ብላችሁ ሙሉት።