«አሁን» ወይስ «በኋላ»? የእጅ ስልካችን የዝማኔ ጥያቄዎችና ከጀርባቸው ያለው ሳይንስ

ዘመናዊ የእጅ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ለአንድ አስቸኳይ ጉዳይ ስልኩን ሲከፍት «አዲስ የሥርዓት ዝማኔ አለ፤ አሁን ይጫን? በኋላ? ወይስ ዛሬ ሌሊት?» የሚል ጽሑፍ ገጹን ይሸፍንበታል። በማግስቱ አንድ አፕሊኬሽን «አዲስ ቅጂ ስለወጣ ያዘምኑ» ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ድረ ገጽ ሲያነብ ቀይ ሳጥን ብቅ ብሎ «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካላዘመኑ መረጃዎ ይጠፋል» እያለ ያስፈራራዋል። ሦስቱም የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ነው። ጠያቂዎቹ ግን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው የስልኩ አምራች፣ ሁለተኛው የአፕሊኬሽኑ ባለቤት፣ ሦስተኛው ደግሞ አጭበርባሪ ነው።

ስለ ቃሉም ጥቂት እንበል። «ዝማኔ» የተባለው ትርጉም «ዘመን» ከሚለው የወጣ፣ አፈጣጠሩም የማይነቀፍ ቃል ነው። ይሁንና ከስልክ ገጽ ውጭ ብዙም ስለማይሰማ በመጀመሪያ እይታ «ዝማሬ» ብሎ ያነበበ ሰው አይፈረድበትም። በመንገድም ሆነ በመማሪያ ክፍል የሚነገረው «አፕዴት» ነው። እኛም ሁለቱን ቃላት እያፈራረቅን እንጠቀማለን።

የእጅ ስልክ ዛሬ የመነጋገሪያ ዕቃ ብቻ አይደለም። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ፣ የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ስለዚህ «አሁን» እና «በኋላ» በሚሉት ሁለት ቁልፎች መካከል መምረጥ የሰው ገንዘብና ምስጢር የተንጠለጠለበት ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ግን በመልእክቱ ላይ ከተጻፉት ቃላት ብቻ ተነሥቶ መስጠት አይቻልም፤ ቃላቱ ለሁሉም አንድ ናቸውና።

ጠያቂው ማን ነው?

በአንድሮይድ ስልክ «ቅንብሮች» ውስጥ ገብቶ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ገጽ የሚከፍት አንባቢ በመጀመሪያ የአንድሮይድን ቅጂ ቁጥር ያገኛል። ከዚያም «የደህንነት ዝማኔ» የሚባል አንድ ቀን ያያል። በአዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ደግሞ ሌላ ቀን ይጨመራል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጋር የተጀመረው «የጉግል ፕሌይ ሥርዓት ዝማኔ» ነው። ሁለቱ ቀኖች ብዙውን ጊዜ አይገጣጠሙም። ምክንያቱም የመጀመሪያው ከጉግል ተነሥቶ በስልኩ አምራች እጅ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን የተወሰኑ የሥርዓቱን ክፍሎች ብቻ የሚመለከትና ከጉግል በቀጥታ የሚመጣ ነው። ተጠቃሚው «ትናንት አዘምኜው የለም ወይ?» ብሎ ቢበሳጭ አይገርምም። ይህ ግራ መጋባት የተጠቃሚው ድክመት ሳይሆን የአቀራረቡ ጉድለት ነው ብለን እናምናለን።

የቀዩ ሳጥን ነገር ግን ቀላል ነው። ብራውዘር ማንኛውንም ድረ ገጽ የሚያሠራው በተከለለ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ገጹ የስልኩን ሆድ ዕቃ መርምሮ ቫይረስ ሊያገኝ አይችልም። እንዲህ የሚል ገጽ ሁሉ ይዋሻል። እውነተኛ የሥርዓት ዝማኔ ካለ፣ መልእክቱን ዘግተን በራሳችን እጅ «ቅንብሮች» ውስጥ ስንገባ እዚያው እናገኘዋለን፤ የአፕሊኬሽንም ከሆነ በፕሌይ ስቶር ውስጥ ይጠብቀናል። ጠያቂውን ከመመለስ ይልቅ በሌላ በር ዞሮ መጠየቅ ማለት ነው።

ሃምሳ ዘጠኝ ቀናት

«በኋላ» የሚለው ቁልፍ ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ለማየት ወደ ኮምፒዩተሮች ዓለም ጎራ እንበል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ የተገኘን አንድ ቀዳዳ የሚደፍን ዝማኔ አወጣ። ግንቦት 12 ቀን 2017፣ ማለትም ከ59 ቀናት በኋላ፣ ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 በሚሆኑ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻም ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማንን ቀጠሮዎች ለመሰረዝ ተገደዱ። መድኃኒቱ ከበሽታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያልተወሰደው ግን በብዙ ሥፍራ «በኋላ» ስለተባለ ነው።

ዝማኔው ራሱ የቀዳዳውን ቦታ የሚጠቁም መሆኑን ልብ በሉ። አሮጌውንና አዲሱን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽር ባለሙያ የተለወጠው የት እንደሆነ ያያል፤ የተለወጠበትንም ምክንያት ለመገመት አይቸገርም። ስለዚህ ዝማኔው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያልዘመነ ስልክ ከቀድሞው ይልቅ የተጋለጠ ይሆናል። በስልኮች ረገድ ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ይፋ የተደረገው ስቴጅፍራይት የተባለ የአንድሮይድ ጉድለት ነው፤ በመልቲሚዲያ መልእክት አማካይነት፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልኩን ለመድፈር ያስችል ነበር። በቀጣዩ ወር ጉግል የደህንነት ዝማኔ በየወሩ እንደሚያወጣ አስታወቀ። በቅንብሮች ውስጥ የምናየው ቀን የዚያ ታሪክ ቅርስ ነው።

ፊርማው

ስልካችን የመጣለት ፋይል ከእውነተኛው አምራች መሆኑን በምን ያውቃል? መልሱ ያለው በሒሳብ ውስጥ ነው። አምራቹ በመጀመሪያ ከጠቅላላው ፋይል አንድ አጭር የቁጥር «አሻራ» ያወጣል። በሰፊው የሚሠራበት አሻራ 256 ቢት ርዝመት አለው፤ ሊኖሩት የሚችሉት ልዩ ልዩ መልኮች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 77 ዜሮዎች እንደማስቀመጥ ያህል ነው። በፀሐይ ውስጥ ያሉት አተሞች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 57 ዜሮዎች ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች በአጋጣሚ አንድ አሻራ ይኖራቸዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል።

ቀጥሎ አምራቹ ይህን አሻራ እርሱ ብቻ በያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈርምበታል። ስልኩ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ በተቀመጠው ይፋዊ ቁልፍ ፊርማውን ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ምሁራን የነደፉት አር.ኤስ.ኤ የተሰኘው ዘዴ የዚህ ዓይነቱ ፊርማ ዝነኛ ምሳሌ ነው፤ ጥንካሬውም ሁለት ታላላቅ ዋና ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን መልሶ መበተን ግን እጅግ ከባድ ከመሆኑ የተገኘ ነው።

የፊርማውን ወሰን ማወቅ ግን የአሠራሩን ያህል ጠቃሚ ነው። በስልኩ ላይ ያለ አፕሊኬሽን በሌላ ቁልፍ የተፈረመ «አፕዴት» ሲመጣለት አንድሮይድ አልጭንም ይላል። አፕሊኬሽኑ ከዚህ በፊት ስልኩ ላይ ካልነበረ ግን የሚነጻጸር ፊርማ የለም። ከጓደኛ በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ የተላከ የኤ.ፒ.ኬ ፋይል አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «አሮጌውን አጥፍተህ ይህን ጫን» የሚል ምክር ሲጨመርበት ደግሞ ጥበቃው በባለቤቱ በራሱ እጅ ይፈርሳል። ከዚህም በላይ ፊርማ የላኪውን ማንነት እንጂ ንጽሕናውን አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በተጋለጠው የሶላርዊንድስ ጥቃት ጠላፊዎች ተንኮለኛውን ኮድ የጨመሩት ዝማኔው ከመፈረሙ አስቀድሞ ነበር፤ ደንበኞች የተቀበሉት ትክክለኛ ፊርማ ያለው መርዝ ነው።

«ባትሪዎን ይሙሉ»

ብዙ ተማሪዎች የሚጠይቁን ስልኩ ባትሪው ግማሽ ካልሞላ ዝማኔ ለመጫን እምቢ የሚለው ለምን እንደሆነ ነው። ይህን ለመመለስ ወደ ፊዚክስ መግባት ግድ ይላል፤ ለእኛም ደስ የሚለን ክፍል ይህ ነው።

የስልኩ ቋሚ ማኅደር ፍላሽ ሜሞሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠራ ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። በውስጡ መረጃ የሚጻፈው ኤሌክትሮኖችን በኢንሱሌተር በተከበበች ጠባብ ሥፍራ በማሠር ነው። በክላሲካል ፊዚክስ ሕግ ኤሌክትሮኑ ያንን ግድግዳ አያልፍም። ወደ 20 ቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ሲጫንበት ግን በኳንተም መካኒክስ «ተነሊንግ» በሚባለው ክስተት ግድግዳውን ሾልኮ ይገባል፤ ቮልቴጁ ሲነሣ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ይህ ቮልቴጅ ከባትሪው ቮልቴጅ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የሚመነጨው በቺፑ ውስጥ ባለ ልዩ ሰርኪዩት ነው። ሌላም ጠባይ አለው፤ ጽሑፍ የሚሰረዘው አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ፣ ብሎክ በብሎክ ነው። «ፍላሽ» የተባለውም ይህ የጅምላ ስረዛ የካሜራን ብልጭታ አስታውሶ ነው። የሞባይል ጥገና ባለሙያው «ፍላሽ ላድርግልህ» ሲል ሥርዓቱን ሰርዞ እንደገና እጽፍልሃለሁ ማለቱ ነው።

እንግዲህ አሮጌው ሥርዓት ከተሰረዘ በኋላ፣ አዲሱ ተጽፎ ሳያልቅ ኃይል ቢቋረጥ ስልኩ የሚነሣበት ጽሑፍ አይኖረውም። የባትሪው ግዴታ የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አንድሮይድ 7 ለዚህ ችግር ጥሩ መላ ተበጀለት፤ ሥርዓቱ «ሀ» እና «ለ» ልንላቸው በምንችላቸው ሁለት ክፍሎች ይቀመጣል፤ ስልኩ በ«ሀ» እየሠራ ዝማኔው በ«ለ» ላይ ይጻፋል። ሲጠናቀቅ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወደ «ለ» ይሻገራል፤ «ለ» ካልነሣ ወደ «ሀ» ይመለሳል። «እንደገና አስጀምር» የሚለው ጥያቄ በዚህ ዓይነት ስልክ ላይ ረጅም ጊዜ የማይወስደው ዋናው ሥራ አስቀድሞ ስላለቀ ነው።

ስልኩን ያዘገየው ዝማኔ

«አፕዴት ስልክ ያንቀራፍፋል» የሚለው አነጋገር መሠረት አለውን? አንድ በሰነድ የተረጋገጠ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 አፕል ለአይፎን ያወጣው 10.2.1 የተባለ ዝማኔ ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን ፍጥነት ይቀንስ ነበር፤ ለተጠቃሚው ግን ይህ በግልጽ አልተነገረውም። ጉዳዩ በታኅሣሥ 2017 ሲጋለጥ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መለወጫ ዋጋንም ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ።

ምክንያቱ ግን ንጹሕ ፊዚክስ ነው። ባትሪ ሲያረጅ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ከረንት ሲሳብ ከባትሪው ቮልቴጅ ላይ የከረንቱና የውስጣዊ ሬዚስታንሱ ብዜት ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል ባትሪው 3.8 ቮልት ቢሆንና ስልኩ 2.5 አምፒር ቢስብ፣ በአዲስነቱ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ከሆነ ለስልኩ 3.55 ቮልት ይደርሰዋል። አርጅቶ 0.3 ኦም ሲሆን ግን የሚደርሰው 3.05 ቮልት ብቻ ነው። ስልኩ ከ3.2 ቮልት በታች የማይሠራ ከሆነ ባትሪው ባዶ ሳይሆን ድርግም ብሎ ይጠፋል። ፕሮሰሰሩን አዝግሞ ከረንቱን ወደ 1.5 አምፒር ቢያወርዱት ቮልቴጁ 3.35 ይሆናል፤ ስልኩም አይጠፋም። ብርድም ሬዚስታንሱን ያሳድጋል፤ በረዶ በሚጥልበት አገር የተማርን ሰዎች ስልካችን ውጭ ላይ ጠፍቶ ቤት ስንገባ ሲነሣ ያየነው በዚህ ምክንያት ነው። የምሕንድስና ውሳኔው ትክክል ነበር። የጎደለው በመልእክቱ ላይ ሊጻፍ ይገባ የነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚያ ጉድለት የጠፋውን እምነት መመለስ ደግሞ ባትሪ እንደመለወጥ ቀላል አይደለም።

የትኛው ይቆይ?

ዝማኔ ራሱ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒዩተር ደህንነት ድርጅት የላከው የተሳሳተ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን አሰናክሎ የአየር መንገዶችን በረራ አስተጓጉሏል። ስለዚህ «ሁሉንም ወዲያው ጫኑ» ብለን አንመክርም። የአንድሮይድን ቅጂ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ የሚያሳድገው ትልቅ ዝማኔ የሌሎች ተጠቃሚዎች ልምድ እስኪሰማ ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ በዚያ መካከል የደህንነት ዝማኔው ካልተቋረጠ። የደህንነቱ ግን ባይዘገይ ይሻላል። መጠኑም በአብዛኛው አነስተኛ ነው፤ የሚላከው የተለወጠው ክፍል ብቻ ነውና፤ መጽሐፍን እንደገና ከማተም ይልቅ የእርማት ገጽ እንደማያያዝ ማለት ነው። የኢንተርኔት ጥቅሉ ለሚያሳስበው ተማሪ የግቢው ዋይፋይ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ከሁሉም ይልቅ አሳሳች ነው የምንለውን መልእክት እናንሣ። እርሱም «ስልክዎ ዘምኗል» የሚለው ነው። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለዋና ዋና ስልኮቻቸው የ7 ዓመት ዝማኔ ቃል ገብተዋል። በየገበያው በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ስልኮች ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ነው ያላቸው። ዝማኔ የተቋረጠበት ስልክ «ዝማኔ ካለ ፈልግ» ሲባል የሚመልሰው ያንኑ የሚያረጋጋ ቃል ነው፤ ለእርሱ የተዘጋጀው የመጨረሻው ቅጂ በእጁ ነውና። እውነቱን የሚናገረው ከመልእክቱ በታች ያለው ቀን ነው። ያገለገለ ስልክ ሊገዛ መርካቶ የወጣ ተማሪ ስለ ካሜራው ሜጋፒክስል ከመጠየቁ በፊት ይህን ቀን ከፍቶ ይመልከት። ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፈው ስልኩ ለንባብ፣ ለሙዚቃና ለካልኩሌተር ያገለግለዋል፤ ቴሌብርና የባንክ አፕሊኬሽን ግን ባይጫንበት ይመረጣል።