የትናንቱ ቢራና የባለፈው ሳምንት ሐሺሽ

የካይሮ ሰዎች ምስር አል-ጀዲዳ በሚሏት በሄሊዮፖሊስ ጠጥቶ ሲያሽከረክር የተያዘ ሰው የሚከሰሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በወጣውና በ2014 በአዋጅ ቁጥር 142 ቅጣቱ በከበደው የትራፊክ ሕግ ቁጥር 66 ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 76 በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ተጽእኖ ሥር ሆኖ ያሽከረከረን ሰው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ከነዳው ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦ፣ ማንንም ባይጎዳ እንኳ ከአንድ ዓመት በማያንስ እስራት ይቀጣዋል፤ ሰው ካቆሰለ እስራቱ ከሁለት ዓመት፣ መቀጮውም ከ10,000 ፓውንድ አያንስም፤ ሰው ከገደለ ወይም ሙሉ በሙሉ አካለ ጎዶሎ ካደረገ ደግሞ ቅጣቱ ወደ ጽኑ እስራት ተሸጋግሮ ከ3 እስከ 7 ዓመትና ከ20,000 እስከ 50,000 ፓውንድ ይሆናል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ብዙ አገሮች የማይደፍሩት ጥብቅነት ነው፤ ሆኖም አንቀጹ የሚቀጣው «በተጽእኖ ሥር» መሆንን እንጂ በደም ውስጥ የተገኘን ይህን ያህል ሚሊግራም ስላልሆነ፣ የክሱ ክብደት ማስረጃው በምን መንገድና በስንት ሰዓት ተወሰደ በሚለው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ፖሊስ የአሽከርካሪውን ሁኔታ በቴክኒክ ዘዴ እንዲመረምር ሕጉ ሥልጣን የሰጠው ሲሆን፣ ዘመቻ በተባለ ቁጥር በአውራ ጎዳናዎች ላይ ጎልቶ የሚታየው ዘዴ ግን የሽንት ምርመራ ነው። አልኮል ከጤናማ ሰው ደም ውስጥ በሰዓት በአማካይ በሊትር 0.15 ግራም ገደማ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ማታ የጠጣ ሰው ረፋዱ ላይ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሐሺሽ ቅሪት በአንጻሩ በሽንት ውስጥ ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ደግሞ ለሳምንታት ይቆያል። በዚህም የተነሣ ምርመራው ባለፈው ሳምንት ያጨሰውንና ዛሬ በሙሉ አእምሮው የሚያሽከረክረውን የጭነት መኪና ሾፌር ሲይዝ፣ ሌሊቱን ሰክሮ የነዳውን የቤት መኪና ባለቤት ሊያሳልፈው ይችላል።

ዕፁ መጠጡን እንዲህ የጋረደው በአጋጣሚ አይደለም። ግብፅ በሐሺሽ ላይ የያዘችው አቋም ከአውቶሞቢል ዘመን የሚቀድም ሲሆን፣ ሐሺሽ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ በ1925ቱ የጄኔቫ የኦፒየም ጉባኤ አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል ግንባር ቀደሙ የግብፁ ልዑክ መሐመድ አል-ጊንዲ ነበሩ። መጠጥ ግን ግማሽ የተፈቀደ ነገር ሆኖ ኖሯል፤ የ1976ቱ ሕግ ቁጥር 63 በአደባባይ መጠጣትን ከልክሎ ሆቴሎችንና የቱሪስት ቤቶችን ከክልከላው አውጥቷል፤ በረመዳን ሽያጩ ለግብፃውያን ይዘጋል፤ በሌላው ወር ቢራው በሞተር ብስክሌት ቤት ድረስ ይመጣል። እንዲህ በከፊል የተሸሸገ ነገር በመዝገብ ላይ በደንብ አይሰፍርም። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2022 7,762፣ በ2024 ደግሞ 5,260 ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ቢያሳውቅም፣ ከእነዚህ ስንቶቹ በጠጪ አሽከርካሪ እጅ እንደሞቱ የተጠየቁ አንድ የትራፊክ ኃላፊ ጥያቄው የጤና እንጂ የትራፊክ አይደለም ብለው አልፈውታል።

ሄሊዮፖሊስ ለዚህ ጉዳይ የተለየች ስፍራ ናት። ቤልጅጋዊው ባሮን ኤዱዋርድ አምፓን ከቦጎስ ኑባር ፓሻ ጋር ሆኖ በ1905 ከመንግሥት የተረከበው 5,952 ፈዳን በረሃ የተገዛው እያንዳንዱ ፈዳን (ከ4,000 ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ነው) በአንድ ፓውንድ ሂሳብ ሲሆን፣ ባሮኑ የባቡር ሐዲድ ሰው ስለነበረ ከተማዪቱ የተፀነሰችው በትራም ዙሪያ ነው፤ በ1910 የተከፈተው ታላቁ ሆቴል፣ ዛሬ የፕሬዚዳንቱ ኢቲሐዲያ ቤተ መንግሥት የሆነው፣ እንግዶቹን የጠበቀው በትራም መስመር ነበር። በከተማዪቱ በኮርባ ሰፈር ቅስቶች ሥር ያመሸ ሰው መሪ ሳይጨብጥ ቤቱ ይገባ ነበር ማለት ነው። በ2019 እና በ2020 ሐዲዱ ተነቅሎ፣ የመንገድ አካፋይ ዛፎች ተቆርጠውና ድልድዮች ተሠርተው ጎዳናዎቹ ሲሰፉ፣ ነዋሪዎች መንገድ መሻገር ነፍስን መሸጥ ሆነ ብለው አቤት አሉ፤ በዚያው ሰሞንም እግረኞች ተገጭተው ሞቱ። ፍጥነቱ ጨምሮ ትራሙ በጠፋበት ሰፈር ጠጥቶ የመንዳት ዋጋ በፊት ከነበረው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

በካይሮ ሳይስ ከሚባሉትና ከ2020 ጀምሮ ሕግ ቁጥር 150 ፈቃድ እንዲያወጡ ካዘዛቸው መኪና ጠባቂዎች አንዱ፣ በኮርባ ለዓመታት የቆመ ሰው፣ ስካርን የሚለየው በጠረን ሳይሆን በእጅ እንደሆነ ይናገራል። በእርሱ አባባል የሰከረ ሰው ቁልፉን በእጁ ይዞ ኪሱን ይፈትሻል፤ ጉርሻውንም ሁለቴ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የሚቀበል ጠባቂ ደግሞ ቁልፉን የመንጠቅ ድፍረት አይኖረውም። ኬላ ላይ የሚቆመው ፖሊስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወረቀት እንደሆነም ይኸው ሰው ያክላል፤ ወረቀቱ የተሟላ፣ መኪናውም ውድ ከሆነ መስኮቱ ከግማሽ በታች አይወርድም። እርሱ ያየውን ያህል የሚያይ ላቦራቶሪ የለም።

ሞት ሲደርስ የሚመጣው ሌላው ነገር እርቅ ነው። በቸልተኝነት መግደልን የሚመለከተው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 238 ስካርን ማክበጃ አድርጎ ቅጣቱን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቢያደርሰውም፣ የ1950ው የሥነ ሥርዓት ሕግ ማሻሻያ የሟች ወራሾች ታርቀናል ሲሉ ይህን ክስ እንዲቀር ያደርጋል፤ የትራፊክ ሕጉ አንቀጽ 76 በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ፣ ካሳ ከፍሎ ለታረቀ ሰው የሚቀረው መዝገብ የላቦራቶሪው ነው። በ2021 በሼክ ዛይድ ከተማ አራት ተማሪዎች በሞቱበት አደጋ አሽከርካሪው በአደንዛዥ ነገር ተጽእኖ ሥር ነበር ተብሎ ተከስሶ በቀጣዩ ዓመት የተፈረደበት ሦስት ዓመት ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543(3) በመጠጥ ወይም በዕፅ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት ለገደለ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት መደንገጉ ሲታይ፣ ግብፅ ገና ሳይገጭ የተያዘውን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የገደለውን ጠበቅ አድርገው ይዘዋል ማለት ይቻላል።

በግብፅ ጥፋተኛ የተባለው ሰው መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ አዲስ ማውጣት የሚችለውም ከተፈረደበት እስራት ጋር እኩል የሆነ ጊዜ ሲያልፍ ነው።