ዘመን ያስቆጠሩ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታሮች

የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ዕድሜው አንድ ምዕተ ዓመት እንኳ ያልሞላ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሆኖም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት ቤዞች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በሰብሳቢዎችም በተጫዋቾችም ዘንድ አጥብቀው ይፈለጋሉ። ሲሠሩ ለቅርስነት አልታሰቡም። በፋብሪካ ተመርተው፣ በብሎን ተገጣጥመው፣ በየምሽቱ መድረክ ላይ እንዲያገለግሉ የተሰጡ የሥራ ዕቃዎች ነበሩ።

ከእነርሱ በፊት የባንዱን ወፍራም ድምፅ የሚሸከመው ከሰው ቁመት የሚበልጠው ደብል ቤዝ ነበር። ከከተማ ከተማ ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ ከበሮና ትንፋሽ መሣሪያዎች ሲበረቱም ድምፁ ይዋጣል። በሲያትል ከተማ ፖል ቱትማርክ በ1930ዎቹ እንደ ጊታር በአግድም የሚያዝ፣ ፍሬት (በጣት ሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከሉ የብረት መስመሮች) ያለው የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ኦዲዮቮክስ በሚል ስም ቢያወጣውም ገበያ አላገኘም። ነገሩን የለወጠው በሬዲዮ ጥገና የጀመረው፣ ራሱ ጊታር መጫወት የማይችለው ሊዮ ፌንደር ነው። በ1951 መገባደጃ ካሊፎርኒያ ፉለርተን ካለው ፋብሪካው ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ። አካሉ ድፍን እንጨት፣ አንገቱ አንድ ወጥ ሜፕል ሲሆን፣ አራቱ ክሮች እንደ ደብል ቤዝ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የክሩ የሚነዝር ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ይህ ልክ እስከ ዛሬ የአብዛኞቹ ቤዞች መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ሞንክ ሞንትጎመሪ በላየነል ሃምፕተን ባንድ ውስጥ ይዞት ሲዞር የጃዝ ሰዎችም ያዩት ጀመር።

በ1957 ፕሪሲዥኑ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያዘ። ትልቁ ለውጥ ድምፅ የሚቀበለው ፒክአፕ ለሁለት መከፈሉ ነው። አንዱ ክፍል ሁለቱን ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ሁለቱን ቀጭን ክሮች ያዳምጣል። የሁለቱ ጥቅልሎች አሠራር ተቃራኒ በመሆኑ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው እምምታ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ሙሉ ሆኖ ይወጣል። በ1960 የተከተለው ጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፕ ይዞ መጣ። የአንገቱ ስፋት በላይኛው ጫፉ በኩል 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 44 የሚደርሰው የጊዜው ፕሪሲዥን ለከበደው እጅ ይመቻል።

ሌሎች ፋብሪካዎች በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ጊብሰን በ1953 በቫዮሊን ቅርጽ የተሠራ አጭር ቤዝ አወጣ፤ በ1963 ደግሞ ረጅሙን ተንደርበርድ ጨመረ። ሪከንባከር በ1957 አንገቱ አካሉን ሰንጥቆ እስከ ጅራቱ የሚያልፍ ቤዝ ሠራ። በጀርመን የሆፍነር ፋብሪካ በ1950ዎቹ አጋማሽ ያመረተውን ውስጡ ክፍት የሆነ ቀላል ቤዝ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ላይ በ30 ፓውንድ ገደማ ገዛው። ቅርጹ በግራም በቀኝም እኩል በመሆኑ በግራ እጁ ለሚጫወት ሰው የተገለበጠ አይመስልም። ይኸው መሣሪያ በ1972 ለንደን ውስጥ ከቆመ መኪና ተሰርቆ ከ50 ዓመት በላይ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ፣ መገኘቱ በ2024 ይፋ ሆነ።

የአሮጌ ቤዝ ፍቅር ከዕቃው ይልቅ ከተቀዳ ድምፅ የሚነሣ ነው። በዲትሮይት የሞታውን ስቱዲዮ ቤዚስት የነበረው ጀምስ ጀመርሰን የ1962 ፕሪሲዥኑን በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ይመታው ነበር። ክሮቹ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለሉ፣ ከባድና ለስላሳ ነበሩ፤ ካልተበጠሱም አይቀይራቸውም ነበር። ክሮቹ በሚታሰሩበት ድልድይ ክዳን ሥር የተቀመጠው ስፖንጅ ደግሞ ድምፁ ሳይንዛዛ ቶሎ እንዲቆረጥ ያደርጋል። ውፍረት ያለው፣ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ የሚሰማበት የሞታውን ቤዝ ከዚህ ሁሉ ተደምሮ የመጣ ነው። የዚያን ዘመን ድምፅ የሚሻ ተጫዋች ውድ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ክርና ስፖንጅ ቢሞክር ብዙ ርቀት ይሄዳል። ጃኮ ፓስቶሪየስ በተቃራኒው የ1962 ጃዝ ቤዙን ፍሬቶች ነቅሎ፣ ስንጥቆቹን ሞልቶ፣ የጣት ሰሌዳውን ለጀልባ በሚሆን ጠንካራ ማጣበቂያ ቀባው። በክብ ሽቦ የተጠቀለሉት ክሮች በዚያ ጠጣር ገጽ ላይ እንደ ሰው ድምፅ ይዘፍናሉ። የእርሱም ቤዝ በ1986 ተሰርቆ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ብቅ አለ፤ የሜታሊካው ቤዚስት ሮበርት ትሩሂሎ ገንዘብ አውጥቶ እንዲመለስ ረድቷል።

ለአማርኛ ሙዚቃ አድማጭም የዚያ ዘመን የቤዝ ድምፅ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የሚሠሩት ባንዶች በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ የቆሙ ነበሩ። የዋልያስ ባንዱ መላኬ ገብሬ፣ እንዲሁም የአይቤክስ ኋላም የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የችክችካውን ምት ከቅኝቶቻችን ጋር አዋህደው የያዙበት መንገድ ለብቻው ቢጠና የሚበዛበት አይደለም።

ሰብሳቢዎች ዘመኑን የሚከፍሉት በጥር 1965 ነው። በዚያ ወር ሲቢኤስ የተባለው የብሮድካስት ኩባንያ የፌንደርን ፋብሪካ በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ በፊት የተሠራው ሁሉ የላቀ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የወደቀ ተደርጎ ይነገራል። ይህ ግን ከልክ ያለፈ ፍርድ ነው። ለውጡ ቀስ በቀስ የመጣ ሲሆን በ1966 የተሠራ ቤዝ በ1964 ከተሠራው ብዙም አይለይም። የጥራት መዋዠቅ ጎልቶ የታየው በ1970ዎቹ ነው፤ አንገቱ በቦታው ልክ የማይገጥም፣ እንጨቱ ትከሻ የሚቆርጥ ቤዝ በዚያ ዘመን በዛ። ከእነዚያም መካከል ግሩም ድምፅ ያላቸው አሉ። ሊዮ ፌንደር ራሱ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሚውዚክ ማን በተባለ አዲስ ድርጅት በ1976 ያወጣው ስቲንግሬይም ዛሬ ከአሮጌዎቹ ተርታ ገብቷል።

የመሣሪያውን ዕድሜ ማረጋገጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአንገቱ መያዣ ብረት ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር በቅደም ተከተል ስላልተመታ ግምት እንጂ ማስረጃ አይሆንም። አዋቂዎች አራቱን ብሎኖች ፈትተው አንገቱን ያወጣሉ፤ ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ ወይም በማኅተም የተመታ ቀን ይገኛል። ቀጥሎ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ይነበባል። ለምሳሌ 1376412 የሚል ቁጥር ሲገኝ 137 የአምራቹ መለያ፣ 64 ዓመቱ፣ 12 ደግሞ ሳምንቱ ነው። ክፍሉ የተሠራው በ1964 በ12ኛው ሳምንት ሲሆን፣ ጊታሩ ከዚያ ቀድሞ ሊገጣጠም አይችልም። ብየዳው ተነካክቶ ከሆነ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ጥርጣሬ ይነሣል፤ ክፍሎች ከሌላ አሮጌ ጊታር ሊመጡ ይችላሉና። በብሎን መገጣጠሙ መሣሪያውን ለጥገና እንዳመቸው ሁሉ ለማጭበርበርም አመቻችቷል።

ቀለሙ ዋጋውን ከሁሉ በላይ ያናውጠዋል። የጥንቱ ላከር ስስ በመሆኑ ከዓመታት ብዛት ይሰነጣጠቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ክንድ በሚያርፍበት ይገፈፋል። ይህ መልክ የተወደደ ነው። እንደገና የተቀባ ቤዝ ግን፣ ቅቡ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ዋጋው ግማሽ ያህል እንደሚወርድ በገበያው ይታወቃል። ለተጫዋች ይህ መልካም ዜና ነው፤ ያው እንጨትና ያው ፒክአፕ በርካሽ ይገኛልና። ፌንደር ራሱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ጊታር አስረጅቶ ስለሚሸጥ የቀለም መገፈፍ ብቻውን የዕድሜ ምስክር አይሆንም።

አሮጌ ቤዝ ሲጫወቱት እንክብካቤ ይጠይቃል። የክሮቹ ጉልበት አንገቱን ወደ ፊት ይስበዋል፤ ይህን የሚያቃናው የብረት ዘንግ በቀደሙት ፌንደሮች ላይ የሚስተካከለው ከአካሉ በኩል በመሆኑ ብዙ ጊዜ አንገቱን መፍታት ግድ ነው። ያለቁ ፍሬቶች መተካታቸው ሰብሳቢውን ያሳዝነዋል፣ ተጫዋቹን ግን ያሳርፈዋል። ትክክሉ ሁለተኛው ነው፤ ባለቀ ፍሬት ላይ ጥሩ ቃና የለምና። የተነቀለው ኦሪጅናል ክፍል ሁሉ በሳጥኑ ውስጥ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት።

አቅሙ ለ1960ዎቹ ፌንደር የማይደርስ ሰው በጃፓን የተሠሩትን ይመለከታል። ቶካይና ግሬኮ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቀድሞዎቹን ቤዞች በጥንቃቄ ይቀዱ ነበር። ፌንደርም በ1982 እዚያው ጃፓን ማምረት ጀመረ፤ የእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ቤዞች አሁን በራሳቸው ይፈለጋሉ።

ቤዙ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ሕግ ይከተለዋል። ፌንደር ከ1959 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ለጣት ሰሌዳ ይጠቀምበት የነበረው የብራዚል ሮዝውድ፣ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1992 ጀምሮ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ያለ ፈቃድ ወረቀት የተላከ መሣሪያ በጉምሩክ ሊወረስ ስለሚችል፣ ልምድ ያለው ገዢ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የጣት ሰሌዳው ከምን እንጨት እንደተሠራ ይጠይቃል።