ኮሌስትሮል፡- ሳያሳምም ልብን የሚጎዳ

ከፋሲካ ማግሥት ደረቱን የጨነቀው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ጨጓራውን ነው። አንዳንዱ እውነትም ጨጓራው ታሞ ይሆናል። የሌላው ሕመም ግን በአንድ ቀን ቅቤና ሥጋ የመጣ ሳይሆን ለዓመታት በልቡ የደም ሥሮች ውስጥ ሲጋገር የቆየ ስብ ያስከተለው ነው።

ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን የሕዋሳትን ሽፋንና ሆርሞኖችን የሚሠራበት ሲሆን አብዛኛውን የሚያመርተው ጉበት ነው። በደም ውስጥ የሚጓዘውም በተለያዩ ተሸካሚዎች ነው። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል፤ ኤች ዲ ኤል ደግሞ ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። ስለዚህ በምርመራ ወረቀቱ ላይ አጠቃላይ ድምሩ ከ200 ሚሊ ግራም በታች መሆኑ ብቻውን አያስተማምንም። ኤል ዲ ኤል ለጤነኛ ሰው ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ ከዚህም ዝቅ እንዲል ሊፈልግ ይችላል።

በጾም ወራት ልብ ታርፋለች የሚለው ግምት ግማሽ እውነት ነው። ፓልም ዘይት ከተክል የሚገኝ በመሆኑ ኮሌስትሮል የለውም። ይሁን እንጂ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ይህ ስብ ደግሞ ጉበት ኤል ዲ ኤልን ከደም የማንሣት አቅሙን ያዳክማል። በደጋ አካባቢ ማለዳ ላይ ዘይቱ በጀሪካን ውስጥ ረግቶ መገኘቱ አንዱ ምልክት ነው። ቅባ ኑግ በአንጻሩ አብዛኛው ስቡ የማይረጋ በመሆኑ ለልብ ይሻላል። ዋጋው እንደማይቀመስ እናውቃለን፤ ቢሆንም በርካሹ ዘይት ወጡን ከማጥለቅለቅ በጥቂት ቅባ ኑግ መሥራት ያዋጣል። ምስር፣ ባቄላና ሽሮም ይጠቅማሉ። የገብስ በሶ የድሃ ምግብ ተደርጎ መቆጠሩ ያስገርማል፤ በገብስ ውስጥ ያለው አሰር ኮሌስትሮልን የሚቀንስ ነውና።

ቅጥነት ዋስትና አይሆንም። ሲያርስ የሚውል ገበሬ በሥራው ልቡን ይጠቅማል፤ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ግን በዘርም ይወረሳል። ሲጋራና የደም ግፊት ሲጨመሩበት አደጋው ይበረታል።

ስታቲን የተባለው መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ቁጥሩ ሲወርድለት “ድኛለሁ” ብሎ ማቋረጥ የለበትም። ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ ነው፤ ሲቋረጥ ተመልሶ ይወጣል።

ደረትን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ከመጣ የጨጓራ ማስታገሻ እየዋጡ ንጋትን መጠበቅ አይገባም። የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣ በሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት ታማሚውን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።