ለሁሉም ክፍት የሆነ የድረ-ገጾች ማውጫና የሕግ ጥያቄዎቹ

በአንድ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አንድን ቃል ስንፈልግ ገጾቹን ሁሉ አናገላብጥም፤ በመጨረሻ ያለውን የቃላት ማውጫ እንመለከታለን እንጂ። የኢንተርኔት መፈለጊያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ፕሮግራማቸው ከድረ-ገጽ ወደ ድረ-ገጽ እየተዘዋወረ ጽሑፉን ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ገጽ እንደሚገኝም ይመዘግባል። ጥያቄ ስናቀርብ የሚፈተሸው ይህ መዝገብ ነው።

ግዙፎቹ ማውጫዎች የጥቂት ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። በመሆኑም የፊዚክስ ምርምር ማዕከሉን ሰርንን ጨምሮ 14 የአውሮፓ ተቋማት «ኦፕን ዌብ ሰርች» የተሰኘ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ጀመሩ። ዓላማቸው ሌሎች ወስደው የየራሳቸውን መፈለጊያ የሚሠሩበት ክፍት ማውጫ ማዘጋጀት ነበር። ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ ሕጉ ይህን ይፈቅዳልን?

የመጀመሪያው ጥያቄ የቅጂ መብት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በሕጋዊ መንገድ የተገኘን ጽሑፍ በኮምፒውተር ለመተንተን መቅዳት ይቻላል። የመብቱ ባለቤት ግን ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል ምልክት ሊከለክል ይችላል። ለሳይንሳዊ ምርምር የሚቀዱ የምርምር ተቋማት በዚህ ክልከላ አይገደዱም። ይሁን እንጂ ተቋሙ የሰበሰበውን ለነጋዴ ሲያስተላልፍ ይኸው የምርምር ፈቃድ አብሮ አይተላለፍም። ስለሆነም ክፍት ማውጫ የእያንዳንዱን ገጽ የፈቃድ ሁኔታ አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የግለሰቦች መረጃ ነው። አንድ የስፔን ዜጋ፣ ስሙ በጉግል በተፈለገ ቁጥር በ1998 በጋዜጣ የወጣ የዕዳ ሐራጅ ማስታወቂያ ይታይበት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግንቦት 13 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ፣ መፈለጊያው ለሚያሳየው ውጤት ራሱ ኃላፊ እንደሆነና ጊዜ ያለፈበትን መረጃ የሚያመለክት አገናኝ እንዲያነሣ ሊገደድ እንደሚችል ገለጸ። ጋዜጣው ገጹን ባያጠፋም እንኳ ውሳኔው የጸና ነው።

ዋናው ችግር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማውጫው በአንድ ኩባንያ እጅ ብቻ ከሆነ መሰረዝ ያለበትን አንድ ጊዜ ሰርዞ ይገላገላል። ክፍቱ ማውጫ ግን ቅጂው በብዙዎች እጅ ስለሚገባ፣ ከምንጩ ቢሰረዝም ከሌሎቹ ዘንድ ላይጠፋ ይችላል። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ መረጃ የሰረዘ ወገን ቀድሞ ላስተላለፈላቸው ሁሉ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ነፃ የሚያወጣው ይህን መፈጸም የማይቻል ወይም ከመጠን ያለፈ ድካም የሚጠይቅ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከማውጫው ጋር የስረዛ ዝርዝር በየጊዜው ሊሠራጭ፣ ተቀባዮችም ዝርዝሩን ሊፈጽሙ በውል ሊገደዱ ይገባል እንላለን።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአማርኛ ድረ-ገጾችን ማውጫ ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከፕሮግራሙ ቀድሞ ሊያነብ ይገባዋል። ለሁሉም የተከፈተ በር፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሊታወቅ ያሻልና።